ተማሪዎች አካባቢን በተግባር እንዲንከባከቡ ማስተማር፦ ከመስከረም እስከ ክረምት የሚሠራበት መመሪያ

በአገራችን ትምህርት ቤቶች የአካባቢ እንክብካቤ ትምህርት በአብዛኛው በሁለት መንገድ ይሰጣል። አንደኛው በሳይንስ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ምዕራፍ ሲሆን ተማሪው ለፈተና ያጠናዋል፤ ሁለተኛው የክረምቱ ችግኝ ተከላ ሲሆን በተለይ የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየትምህርት ቤቱ የተለመደ ሆኗል። ችግሩ ተከላው የሚካሄደው ትምህርት ቤት በተዘጋበት በሐምሌና በነሐሴ መሆኑ ነው። ዝናቡ እያለ ችግኙ ብዙ ረዳት አይፈልግም፤ የሚሞተው ከኅዳር በኋላ ፀሐዩ ሲጠና፣ መሬቱ ሲሰነጠቅና ከብቱ የሚግጠው ሣር ሲያጣ ነው። ተማሪው በግቢው ውስጥ የሚውለውም በዚሁ ጊዜ ነው። ስለዚህ ልጆችን መንከባከብ ለማስተማር ዋናው ወቅት በጋው እንጂ የተከላው ቀን አይደለም፤ ከዚህ በታች የቀረበው የሥራ ቅደም ተከተል የትምህርት ዘመኑን ወራት የሚከተለውም ለዚህ ነው።

መመሪያው ከ4ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች፣ በደጋ ወይም በወይና ደጋ ለሚገኝና ብዙ በጀት ለሌለው ትምህርት ቤት የሚስማማ ነው። በቆላ የሚያስተምሩ መምህራን የዛፉን ዓይነትና የመዝሪያውን ወር እንደ አካባቢያቸው ዝናብ ማስተካከል ይኖርባቸዋል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት

በብዙ ትምህርት ቤቶች አርፍዶ የመጣ ተማሪ ቆሻሻ ይለቅማል፤ የረበሸ ደግሞ አትክልት ያጠጣል። ይህ ልማድ ባለበት ግቢ የትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የቱንም ያህል ቢደክም ልጆቹ ከአካባቢ ጋር የተያያዘ ሥራን ሁሉ ከቅጣት ለይተው አያዩትም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ከርእሰ መምህሩና ከዩኒት ሊደሩ ጋር ተነጋግሮ ቆሻሻ መልቀምና ውኃ ማጠጣት ከቅጣት ዝርዝር እንዲወጣ ማስደረግ ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ አንድ ውሳኔ ብቻ ከብዙ ፖስተር የተሻለ ውጤት አለው።

ቀጥሎ የክበቡን አባላት አምስት ወይም ስድስት ልጆች ባሉበት ቡድን ይከፋፍሉ። ለእያንዳንዱ ቡድን የሚሰጠው የሥራ ዓይነት ሳይሆን ቦታ ቢሆን ይመረጣል። “የውኃ ቡድን” እና “የጽዳት ቡድን” ብሎ መከፋፈል አንዱን ቡድን ዓመቱን ሙሉ ጀሪካን ተሸካሚ ያደርገዋል፤ “ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለው ቦታ የናንተ ነው” የተባለ ቡድን ግን በዚያ ቦታ ላይ አፈሩንም፣ ችግኙንም፣ ቆሻሻውንም አንድ ላይ ይማራል። ትንንሾቹንና ትልልቆቹን፣ ወንዶቹንና ሴቶቹን አሰባጥሮ መመደብና የፈረቃ ትምህርት ባለበት ከሁለቱም ፈረቃ ልጆች እንዲኖሩ ማድረግ ያስፈልጋል።

በመጨረሻም ለእያንዳንዱ ቡድን ጠንካራ ልባስ ያለው አንድ ደብተር ይዘጋጅ። ይህ መዝገብ ቀኑን፣ የተሠራውን፣ የታየውንና የጸሐፊውን ስም ይይዛል። መዝገቡ የትምህርት ቤቱ ንብረት ስለሆነ ቤት አይወሰድም።

መስከረምና ጥቅምት፦ ግቢውን ማወቅ

በመስከረም የመጨረሻው ዝናብ ገና ስለማይጠፋ ውኃ በግቢው ውስጥ የሄደበት መንገድ በግልጽ ይታያል። ተማሪዎቹ ግቢውን በእርምጃ እየለኩ በትልቅ ወረቀት ላይ ካርታ እንዲሥሉ ያድርጉ። በካርታው ላይ ጎርፉ የገባበትና የወጣበት፣ አፈሩ የተጠረገበት፣ ሣር ያለበት፣ ቆሻሻ የሚጠራቀምበት፣ ቧንቧው ያለበትና እያንዳንዱ ዛፍ ከነስሙ ይመላከት። የዛፍ ስም የማያውቁ ልጆች ከቤት ጠይቀው እንዲመጡ መላክ ጥሩ ነው፤ አያቶች ብዙውን ጊዜ ከመምህሩ የበለጠ ያውቃሉ።

ካርታው ካለቀ በኋላ አፈር እንዴት እንደሚሸረሸር የሚያሳየውን ሙከራ ይሥሩ። የሚያስፈልገው ሦስት ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ፣ ከአንድ ቦታ የተወሰደ አፈር፣ ደረቅ ቅጠል ወይም ገለባ፣ ከነሥሩ የተነሣ ሣርና ሦስት ብርጭቆ ነው።

1. ሃይላንዶቹን በጎናቸው አስተኝተው ላይኛውን ጎን በመስኮት መልክ ይቁረጡ፤ መቁረጡ የመምህሩ ሥራ ነው። ክዳናቸው ይከፈትና አፋቸው ከጠረጴዛው ጠርዝ ትንሽ ወጥቶ ወደ ታች እንዲያዘነብል ከኋላ በኩል እንጨት ይደረግባቸው።
2. ሦስቱንም እስከ አፋቸው ዝቅታ ድረስ በእኩል መጠን አፈር ይሙሉ። የመጀመሪያው ባዶውን ይቀመጥ፤ ሁለተኛው በቅጠል ይሸፈን፤ በሦስተኛው ላይ ሣሩ ከነሥሩ ይተከል።
3. ውኃ ከመፍሰሱ በፊት እያንዳንዱ ቡድን ከየትኛው ሃይላንድ ምን ዓይነት ውኃ እንደሚወጣ ግምቱን በመዝገቡ ይጻፍ። ይህ ደረጃ ከተዘለለ ሙከራው ወደ ትርኢት ይለወጣል።
4. በሚስማር በተበሳሳ ቆርቆሮ አማካይነት በእያንዳንዱ ላይ አንድ ሊትር ውኃ ከእኩል ከፍታ ያዝንቡ፤ የሚወጣውን በብርጭቆ ይቀበሉ።
5. ብርጭቆዎቹን ሳይነቀንቁ ያሳድሯቸው፤ በማግስቱ ከሥር የዘቀጠውን አፈር በማስመሪያ ይለኩ።

ከባዶው አፈር የወጣው ውኃ ቡና ይመስላል፤ ከሣሩ ሥር የወጣው ግን ቢዘገይም የጠራ ነው። “ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል” የሚለውን ሁሉም ልጅ ያውቀዋል፤ ወንዙ በክረምት የሚደፈርሰው ከደጋው ተዳፋት በሚያጥበው አፈር መሆኑን ግን ይህን ብርጭቆ ባየበት ቀን ቢነገረው አይረሳውም። ከዚያ ወደ ካርታው ተመልሶ “የእኛ ግቢ የትኛውን ሃይላንድ ይመስላል?” ብሎ መጠየቅ ነው። ልጆቹ ራሳቸው የመረጡት የተጋለጠ ቦታ የመጀመሪያው የሥራ ቦታ ይሆናል፤ በቦታው ላይ ተዳፋቱን አግድም የሚቆርጥ የድንጋይ ድርድር መሥራትና ሣር መትከል ይቻላል።

ኅዳር፦ ቆሻሻና ብስባሽ

ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻን ጠርጎ ማቃጠል ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ የመጣ ልማድ ነው። በከተማ ያሉ ትምህርት ቤቶች ይህን ቀን ለትምህርት ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ ጠረጋው ይቀጥላል፣ የተጠረገው ግን ከመቃጠሉ በፊት ይለያል። ቅጠሉና ሣሩ ወደ ብስባሽ ጉድጓድ ይሄዳል፤ ፌስታልና ፕላስቲክ ደግሞ ጭሱ ለጤና ጎጂ ስለሆነ እሳት ውስጥ አይገባም።

ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት በአንድ ተራ የትምህርት ቀን የወጣው ቆሻሻ ሁሉ በሸራ ላይ ተዘርግቶ ይቆጠር። መምህሩ አስቀድሞ ስባሪ ጠርሙስ፣ ምላጭ፣ መርፌና የባትሪ ድንጋይ መኖር አለመኖሩን ይፈትሽ፤ ልጆቹ ጓንት ወይም እጃቸው ላይ የሚጠለቅ ንጹሕ ፌስታል ይጠቀሙ፤ ሲጨርሱ በሳሙና ይታጠቡ። ክምሩ በምግብ ትራፊ፣ በወረቀት፣ በሃይላንድ፣ በፌስታልና በብስኩት መጠቅለያ ተለይቶ ይመዘንና ውጤቱ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ በግራፍ ይሠራ፤ በሚኒ ሚዲያም ይነገር። ሃይላንዱን ለቆራሌ ሸጦ በገንዘቡ ውኃ ማጠጫ መግዛት ይቻላል። ነገር ግን ብዙ ሃይላንድ ላመጣ ክፍል ሽልማት የሚባለውን ነገር አልመክርም፤ ልጆች ውድድር ሲባሉ ከቤትና ከመንገድ ማምጣት፣ አልፎም ውኃ እየገዙ መጠጣት ይጀምራሉና ቆሻሻውን ከመቀነስ ይልቅ ይጨምረዋል። ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉ ፌስታሎችን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስለጸደቀ ከፍ ያሉት ክፍሎች ይህን መነሻ አድርገው በትምህርት ቤቱ በር ላይ ካሉት ሱቆች ጋር በምን መተካት እንደሚቻል ቢነጋገሩ ጥሩ የሲቪክስ ትምህርት ይሆናል።

ብስባሹ ጥላ ባለበት፣ ከመማሪያ ክፍልና ከውኃ ጉድጓድ ራቅ ባለ ቦታ ይሠራ። አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ተኩል የሆነ ቦታ ይበቃል። ከሥር አየር እንዲያስገባ የበቆሎ ወይም የማሽላ አገዳ ይነጠፍ፤ በላዩ ደረቅ ቅጠልና ገለባ፣ ቀጥሎ እርጥብ ሣርና የአትክልት ልጣጭ፣ ከዚያ ስስ የፍግ ንጣፍና እፍኝ አፈር እየተደረበ፣ በየንጣፉ ውኃ እየተረጨ አንድ ሜትር እስኪደርስ ይከመር። ሥጋ፣ አጥንት፣ ዘይት የነካው ምግብ፣ ዘር ያፈራ አረምና የባሕር ዛፍ ቅጠል አይግባበት። በመካከሉ እስከ ሥሩ የሚደርስ ረጅም እንጨት ይተከልና በየሳምንቱ እየተነቀለ ይታይ። እንጨቱ ሞቆና ወዝቶ ከወጣ ሥራው በደንብ እየሄደ ነው፤ ደርቆ ከወጣ ውኃ ይጨመር፤ ከሸተተ እርጥበቱ ስለበዛ ተገላብጦ ደረቅ ቅጠል ይደባለቅበት። ልጆች ይህን እንጨት መንካት በጣም ይወዳሉ፤ ትኩስ ሆኖ ሲያገኙት እሳት ሳይኖር ሙቀቱ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ራሱ ስለ ጥቃቅን ሕዋሳት ለማስተማር በር ይከፍታል። በየሦስት ሳምንቱ እየተገላበጠ ከሦስት እስከ አራት ወር ውስጥ የጠቆረ፣ የሚፈረፈርና አፈር አፈር የሚሸት ብስባሽ ይሆናል።

ከኅዳር እስከ ሰኔ፦ የራስን ችግኝ ማፍላት

ከመንግሥት ችግኝ ጣቢያ የመጣን ችግኝ ተቀብሎ ከመትከል ይልቅ ከዘሩ ጀምሮ ማሳደግ ይመረጣል፤ ልጁ ዘሩን ካየው ለችግኙ ያለው ስሜት የተለየ ነው። ዘር ለመሰብሰብ በአካባቢው የሚገኝ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ቅጥር ግቢ ጥሩ ቦታ ነው። በተለይ በጎጃምና በጎንደር ዙሪያው ተራቁቶ ሳለ እንደ ጥድ፣ ወይራና ጥቁር እንጨት ያሉ አገር በቀል ዛፎች ተጠብቀው የቆዩት በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ደኖች ውስጥ ነው። አስተዳዳሪውን አስቀድሞ አስፈቅዶ መሬት ላይ የወደቀውን የበሰለ ፍሬ ብቻ መልቀም ይገባል።

የሚዘራበት ጊዜ በዛፉ ዕድገት ይወሰናል። ጥድና ወይራ ቀስ ብለው ስለሚያድጉ እስከ ኅዳር ድረስ ቢዘሩ ይሻላል፤ ዋንዛና ግራር በጥርና በየካቲት፣ ፈጥነው የሚያድጉት ሳስፓንያና ሽፈራው ደግሞ በመጋቢትና በሚያዝያ ቢዘሩ ለሐምሌ ይደርሳሉ። ለመጀመሪያ ዓመት ከሁለት ዓይነት በላይ አለመጀመር ይመከራል።

የግራር ዘር ቆዳው ጠንካራ ስለሆነ ሳይታከም ቢዘራ ብዙ ሊቆይ ይችላል። መምህሩ የፈላ ውኃ ከእሳት አውርዶ ዘሩ ላይ ያፍስበትና እስከ ማግስቱ ይተወው፤ ያበጠው ይዘራል፣ ያላበጠው ሕክምናው ይደገምለታል። እዚህ ላይ ሃያ የታከመ ዘርና ሃያ ያልታከመ ዘር ጎን ለጎን ተዘርቶ የበቀለው በየቀኑ ቢቆጠር ልጆቹ ሙከራ ማለት ምን እንደሆነ በእጃቸው ይማራሉ። የዋንዛ ፍሬ ግን ሙጫነት ያለው ሥጋው በውኃ ታሽቶ ከወጣለት በኋላ ዘሩ በጥላ ይደርቃል።

ለመዝሪያ ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ ብስባሽና አንድ እጅ አሸዋ ተነፍቶ ይደባለቅ። የችግኝ ላስቲክ ከሌለ የወተት ላስቲክ ወይም ታችኛው ክፍሉ የተበሳ ሃይላንድ ያገለግላል። ዘሩ የውፍረቱን እጥፍ ያህል ጠለቅ ብሎ ይቀመጥ፤ በየላስቲኩ ሁለት ሁለት ዘር ይደረግ። እስኪበቅል ሣር ይልበስና ሲበቅል ሣሩ ተነሥቶ በላዩ የዳስ ጥላ ይሠራለት። ሁለቱም ከበቀሉ ደካማው በመቀስ ይቆረጥ እንጂ አይነቀል፤ ከተነቀለ የጓደኛውን ሥር ይጎዳል። ውኃው ክዳኑ በተበሳ ሃይላንድ በስሱ ይርከፈከፍ። ሥሩ ላስቲኩን አልፎ መሬት እንዳይዝ ችግኞቹ በየጊዜው እየተነሡ የወጣው ሥር ይከርከም። ለተከላ አንድ ወር ሲቀረው ጥላው ቀስ በቀስ እየተነሣ፣ ውኃውም እየተቀነሰ ችግኙ ፀሐይን እንዲለምድ ይደረግ።

ከኅዳር እስከ ግንቦት፦ የተተከለውን ማቆየት

ይህ የመመሪያው ዋና ክፍል ስለሆነ በዚህ ላይ ያለው ቁጥጥር ሊላላ አይገባም። እያንዳንዱ ቡድን ባለፈው ክረምት ከተተከሉት ከአምስት እስከ አሥር የሚሆኑ ችግኞችን ይረከብ። በየችግኙ አጠገብ ቁጥር የተጻፈበት እንጨት ይተከልና በየወሩ በአንድ የተወሰነ ቀን ቁመቱ፣ ያለበት ሁኔታና የደረሰበት ጉዳት ይመዝገብ። ለሞተው ችግኝ ምክንያቱ ይጻፍ፦ ድርቀት፣ ከብት ወይም ፍየል፣ ምስጥ፣ ሰው፣ ወይም ያልታወቀ።

እዚህ ላይ መምህራን በብርቱ እንዲያስቡበት የምፈልገው ነገር አለ። ማርክ የሚሰጠው በሕይወት ለቆየው ችግኝ ብዛት ከሆነ ልጆቹ የሞተውን ነቅለው በሌላ ይተኩታል፤ መዝገቡም ውሸት ይሆናል። ማርክ መሰጠት ያለበት ለመዝገቡ ጥራትና “ለምን ሞተ?” ለሚለው ጥያቄ በማስረጃ ለተሰጠው መልስ ነው። ሦስት ችግኝ ሞቶበት ሦስቱንም ፍየል እንደበላቸው ከዱካው አረጋግጦ አጥር የሠራ ቡድን፣ በአጋጣሚ አሥሩም ከጸደቁለት ቡድን ያነሰ አልተማረም።

ውኃን በተመለከተ በየቀኑ አንድ ኩባያ ከማፍሰስ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሦስት ሦስት ሊትር ማጠጣት ይበልጣል። ጥቂት ውኃ የላዩን አፈር ብቻ ስለሚያርስ ሥሩ ወደ ላይ ይስባል፤ ያ ደግሞ በመጀመሪያው የፀሐይ ሳምንት ያደርቀዋል። ውኃ ለመቆጠብ የሃይላንዱን ክዳን በመርፌ መብሳት፣ ቂጡን መቁረጥና ከችግኙ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ አፉን ወደ ታች አድርጎ መቅበር ይቻላል፤ ከላይ የተሞላው ውኃ ቀስ እያለ ወደ ሥሩ ይንጠባጠባል። በዙሪያው ደረቅ ሣር ይልበስ፣ ግንዱን ግን እንዳይነካው ሦስት ጣት ያህል ይራቅ፤ ምስጥ ባለበት ቦታ በሣር ፈንታ ጠፍጣፋ ድንጋይ መደርደር ይሻላል። የእሾህ አጥር ከሌለ የቀረው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው።

የውኃ ሒሳብም ከዚሁ ጋር ይሠራል። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሥር አንድ ሊትር ዕቃ ይቀመጥና እስኪሞላ ያለው ደቂቃ ይቆጠር፤ በሃያ ደቂቃ የሚሞላ ከሆነ በቀን 72 ሊትር ይባክናል ማለት ነው። በበልግ ደግሞ የዝናብ መጠን ይለካ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ስለሆነ ርዝመቱ 30፣ ስፋቱ 8 ሜትር የሆነ የክፍል ጣሪያ በ10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 2400 ሊትር ይቀበላል። ሩቡ እንኳ ቢባክን ቀሪው 1800 ሊትር 75 ችግኞችን ለአራት ሳምንት ያጠጣል። ይህ ስሌት በተማሪዎች እጅ ተጽፎ ለወላጅ መምህር ኅብረት ቢቀርብ የአሸንዳና የሮቶ ጥያቄን ያጠናክራል።

ሰኔና ክረምት፦ ተከላና ርክክብ

ጉድጓዱ ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት ይቆፈር። ጥልቀቱም ስፋቱም 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን፤ የላዩ ለም አፈር ለብቻ ይከመርና በተከላ ጊዜ መጀመሪያ ይመለስ። ከኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር አይተከል፤ ዋርካና ሾላ ከግንብ፣ ባሕር ዛፍም ከውኃ ጉድጓድና ከአትክልት ቦታ ይራቁ። ተከላው የመጀመሪያዋ ካፊያ ስትመጣ ሳይሆን ዝናቡ ጸንቶ አፈሩ ወደ ውስጥ ከረጠበ በኋላ ይሁን። ላስቲኩ ተቀዶ ሲወጣ አፈሩ ከሥሩ እንዳይበተን ጥንቃቄ ይደረግ፤ የወጡት ላስቲኮች በተከላው መጨረሻ ይቆጠሩና ከተተከሉት ችግኞች ጋር እኩል መሆናቸው ይረጋገጥ። አካባቢን ለመንከባከብ ወጥቶ መስኩን በላስቲክ መሙላት በየዘመቻው የሚታይ ነገር ነው።

ለክረምቱ ከየቡድኑ ለትምህርት ቤቱ ቅርብ የሆኑ ሁለት ሁለት ልጆች በተራ እንዲመጡ ከወላጆቻቸው ጋር ይነጋገሩ፤ የተራው ዝርዝር አንድ ቅጂ ለጥበቃ ሠራተኛው ይሰጥ። በነሐሴ ዋናው ሥራ አረሙን ማንሣትና የተከፈተ አጥር መዝጋት ነው።

የሚለቁት የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች በሰኔ ባስረከቡት መዝገብ መሠረት አዲሱ ቡድን በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት ችግኞቹን አንድ በአንድ ይቁጠር። ከግማሽ በላይ የሞተበት ቦታ ከተገኘ መዝገቡ ላይ የተጻፈው ምክንያት ሳይነበብ እዚያው ቦታ ላይ ያንኑ የዛፍ ዓይነት ደግሞ መትከል አይገባም፤ ምክንያቱ ድርቀት ከሆነ ድርቅ የሚችል ዓይነት፣ ከብት ከሆነ አስቀድሞ አጥር፣ ምስጥ ከሆነ ሌላ ቦታ ይመረጥ።